ቅጠል ፎቶ አንሱ ያለችው መምህርት

ሰገንን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋት መርሳ ከተማ፣ በትምህርት ቤታችን በር ላይ ነው። የዕለቱ ተረኛ መምህር እኔ ነበርኩ። ተማሪ ስልክ ይዞ እንዳይገባ በባልዲ እንሰበስባለን።

«ስልክሽን ባልዲው ውስጥ ጨምሪ» አልኳት።

ጨምራ አለፈች። ትንሽ ቆይታ መምህራን ክፍል ብቅ አለች።

«አዲሷ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ስልኬን ከየትኛው ባልዲ ልውሰድ?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ ግን ሳቀች... እኔም እዚያው ወደድኳት።

ጦርነቱ መርሳን ለቆ ከሄደ ብዙ አልቆየም። ቤተ ሙከራው ተዘርፏል፤ መጻሕፍቱ ማገዶ ሆነዋል። ሰገን ርዕሰ መምህሩን ለምና ባልዲውን አስቀረችው። በየዴስኩ አንድ ስልክ፣ ተማሪው ዙሪያውን ተጠጋግቶ ያነባል። ኔትወርክ ስላልነበረ መጽሐፉን ከስልክ ወደ ስልክ በዜንደር እናሻግራለን። እኔ ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ ግን ከአጠገቧ አልጠፋም።

«የፊዚክስ መምህር ስለ ቅጠል ምን አገባው?» ትለኛለች።

«ብርሃን የእኛ ነው። ቅጠል ያለ ብርሃን ምን ይበላል?»

«አይ መልካሙ... ሰበብህ አያልቅ።»

አንድ አርብ አብረን ያሰብነውን የቤት ሥራ ሰጠች። በየሰፈራችሁ ያለውን ተክል ፎቶ አንሱ፣ ሰኞ ይዛችሁ ኑ። የእሷ ሚሞሪ ሞልቶ ስለነበር ፎቶዎቹ የእኔ ስልክ ላይ ተሰበሰቡ። ተማሪ ስለሚጠቀምበት ኮድ የለውም። እንደ ሁልጊዜው ቢሮ ውስጥ ቻርጅ ሰክቼው ክፍል ገባሁ።

ስመለስ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ደሳለኝና ሁለት መምህራን ስልኬን ከበዋል። የሚያዩት ከሲሪንቃ የሚመጣ አንድ ተማሪ ያነሳውን ቁልቋል ነው። ከቁልቋሉ ጀርባ፣ አስፋልቱ ላይ፣ ወታደር የጫነ መኪና ያልፋል።

«ይሄ ቅጠል ነው?» አለ ደሳለኝ።

«ቁልቋል ነው።»

«ከኋላው ያለውስ? አንሱ ያለቻቸው ሰገን የትግሬ ልጅ መሆኗን ታውቃለህ አይደል?»

«ወልድያ ተወልዳ ወልድያ ማደጓን አውቃለሁ። የቤት ሥራውንም አብረን ነው ያዘጋጀነው።»

«አንተን ማን ጠየቀህ?»

ሰገን ተጠርታ መጣች። ስልኬን በደሳለኝ እጅ ስታይ ወደ እኔ ዞረች።

«አንተ ነህ የሰጠሃቸው?»

እኔ ሳልመልስ ደሳለኝ ቀደመኝ። «ማንም ቢሰጥ ምን ቸገረሽ። ይልቅ ያንቺን ክፈቺው።»

ከፈተችው። ደሳለኝ ከእጇ ወሰደው። ደሳለኝ የሳምቡሳ ዘይት ያለበትን ጣቱን እየላሰ የእህቷን የሰርግ ፎቶ አንድ በአንድ ያሳልፋል። ከመምህራኑ አንደኛው «እዚህች ላይ ቁም እስቲ፣ አቅርባት» ይላል። ሌላው እየሳቀ የሱፍ ቅርፊት ወለሉ ላይ ይተፋል። የተሰበሰቡት ለአገር ደኅንነት ነው፤ የሚያጎሉት የሙሽራ ደረት ነው።

ደሳለኝ በዚህ ጦርነት ወንድሙን ቀብሯል። ለቅሶው ላይ ተቀምጫለሁ፣ ሐዘኑን አውቃለሁ። ግን ወንድሙን የገደለው የዚህች ልጅ እህት ሰርግ አይደለም።

ስልኩን ከእጁ ቀማሁት።

«ለጸጥታ አመለክታለሁ» አለ።

«አመልክት። የእኔንም ስም ጨምርበት።»

አመለከተ። እኔና ሰገን ወደ ጸጥታ ቢሮ ተወሰድን። ከሰዓቱን ሙሉ ዘብ ቆሞብን አንድ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። መርማሪው ጎልማሳ ሰው ነው፤ ፎቶዎቹን ረጋ ብሎ አየ።

«ግራር... ዋንዛ... ቁልቋል... ይቺ ፍየል ደግሞ ተክል ናት?»

ሰገን ቶሎ መለሰችለት። «ተክሉን በልታው ነው።»

ሰውዬው ሳቁን መደበቅ አቃተው። ለቀቀን።

ደጅ ስንወጣ «ሰገን፣ እኔ አልሰጠሁም። ቻርጅ ላይ ነበር» አልኳት።

መንገዱን ተሻግራ ሄደች። በማግስቱ ወልድያ፣ አባቷ ቤት ገባች። ስልኳም ተዘጋ።

ሳምንቱን እንደምንም ጨርሼ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። አባቷ ጋሽ ፀጋይ ምስማርና ቀለም ይሸጣሉ። ገና ሰላም እንዳልኳቸው ወደ ጓዳ «ሰገን፣ ነይ፣ የፊዚክሱ ልጅ መጥቷል» አሉ።

መጣች። ከስታለች።

«አሁንም የሰጠኋቸው ይመስልሻል?»

«አይመስለኝም። አሳልፎ የሰጠኝ ሰው አብሮኝ አይታሰርም። አግዳሚው ላይ ሳለን ነው የገባኝ።»

«ታዲያ ለምን ዘጋሽብኝ?»

«አንተን አይደለም የዘጋሁት። ስልኩ አስጠላኝ... ጠረግኩት፣ ጠረግኩት፣ የጣቱ ዘይት የሚለቅ አልመስል አለኝ። ሸጥኩት።»

በልቤ የያዝኩትን ብቻ ተናገርኩ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

ጋሽ ፀጋይ ገዢ ሳይኖር ምስማር መመዘን ጀመሩ።

«ላክ» አለች ቀስ ብላ። «ግን ይቅር በያቸው እንዳትለኝ።»

«አልልሽም።»

«አንተስ?»

«ደሳለኝን ምን እንዳመመው ይገባኛል። ሻይ ግን አብሬው አልጠጣም።»

ከፋሲካ በኋላ ተጋባን። ዝውውር አግኝቼ አሁን ሁለታችንም ወልድያ እናስተምራለን፤ ክፍሎቻችን ጎን ለጎን ናቸው። ዛሬም ተማሪዎቿ ስልክ አውጥተው ይማራሉ። ያነሱትን ሊያሳዩዋት ሲሽቀዳደሙ በመስኮት አያታለሁ። እሷ ግን ስልኩን አትነካም። እጇን ወደ ኋላ አጣምራ ጎንበስ ትልና መጀመሪያ ትጠይቃለች።

«ልየው?»