የጤነኛው ሰው ደም

ይህ በእኔ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ጋኔን፣ ጥላ፣ ሲጢጥ የሚል በር እያሉ ይህን የአስፈሪ ታሪክ ቻናል የሚሞሉትን ሰዎች እንቃቸዋለሁ። የእኛ በር ዘይት አይጎድለውም።

ማክሰኞ ነው፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። የምሠራበት የደም ምርመራ ላብራቶሪ ውስጥ።

ሥራችን እንዲህ ነው። የታማሚውን ደም ትንሽ ጨረር እናስነካዋለን። ጨረሩ የሴሎቹን ዲኤንኤ ይሰብራል። ስብራቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ አረንጓዴ ነጥብ ሆኖ ያበራል። ጤነኛ ሰው ጠጋኝ ኢንዛይሞች አሉት፤ በስድስት ሰዓት ስብራቱን ጠግነው ነጥቡን ያጠፉታል።

ካልጠፋ... የሰውየው ሰውነት ኢንፌክሽን መከላከል ያቅተዋል። ካንሰርም ደጁ ላይ ቆሟል ማለት ነው።

ለማነጻጸሪያ የጤነኛ ሰው ደም ያስፈልጋል። አለቃችን ስምንት ዓመት ሙሉ የራሱን ሲያስቀዳ ኖረ። ሌላ ሰው መፈለግ ይደክመዋላ!

"እንደ እኔ ያለ ጤነኛ ከየት ታመጣላችሁ?" ይላል ደረቱን ነፍቶ።

ከዚያ ይስላል። ክረምት ከበጋ ይስላል። እኛ የተማርን ደናቁርት ደግሞ አብረነው እንስቃለን።

ሰኞ ለታ ለሙከራ የራሴን ደም ከእሱ ጎን አስቀመጥኩ።

የእኔ ነጥቦች ጠፉ።

የእሱ... አንድም አልጠፋም።

"አለቃ፣ የእርስዎ አልጠፋም።"

"እጅሽ ነው። ድገሚው።"

ማክሰኞ ጠዋት ደገምኩት። ስምንት ሰዓት ላይ አየሁት፤ አልጠፋም።

"ዝም በይ" አለኝ በሹክሹክታ። "ስምንት ዓመት ያወጣነው ውጤት..."

ሳሉ አቋረጠው። ለታማሚዎች "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለ የሚሰብከው ይኸው ሰው ነው። ልተፋበት ምንም አልቀረኝም።

ከዚያ ታናሽ እህቴ ትዝ አለችኝ።

አምና ጉንፋን አልለቃት ሲል እዚሁ አስመርምሬያት ነበር። ውጤቷን የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ከጤነኛው ደም ልዩነት የለውም።"

ከአለቃዬ ይልቅ ራሴን ናቅሁ።

የአምና ናሙናዎች የሚቀመጡበትን ሳጥን ከፍቼ የእሷ ደም ያለበትን ስላይድ አወጣሁ። መስታወቱ ላይ ያሉት ሴሎች ከሞቱ ዓመት አልፏቸዋል። ቀለሙም በጥቂት ሳምንት ይደበዝዛል። ጨለማ ብቻ መታየት ነበረበት።

ያበራል...

ዓይኔን ከማይክሮስኮፑ ሳላነሳ ደወልኩላት።

"እትዬ? ምነው በሥራ ሰዓት?" አለች። ከዚያ ሳለች።

አንድ አዲስ ነጥብ በራ።

"ደህና ነሽ?" አልኳት።

"ደህና ነኝ፤ ይቺ ሳል ብቻ..."

እንደገና ሳለች።

ሌላ በራ።