ሁለት የግራ እጅጌዎች

«ሁለቱም የግራ ናቸው» አለች የሚጣ እናት፣ እጅጌዎቹን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘርግታ። «የእጅጌውን ልክ ካርቶን ሳይገለብጥ ሁለቴ አስምሮ የቆረጠ ሰው አለ።»

በስፌት ቤቱ በር ላይ የቆመችው ሚጣ ክው አለች። ትናንት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ ልብስ ሰፊዋ እትዬ ክር ልትገዛ ወጥታ ነበር። «ላግዛት» ብላ የቆረጠችው እሷ ናት። ጨርቁ ደግሞ ደንበኛዋ ራሷ ያመጣችው፣ ቅንጣት ትርፍ የሌለው ነው።

«እኔ አልቆረጥኩትም» አለች እትዬ ቀስ ብላ።

«ባለፈው ኮሌታውን ያበላሸው ማን ነበር ታዲያ? በቃ፣ ዕቃሽን ሰብስቢ።»

እትዬ ወደ ሚጣ አላየችም። ብታይ ይሻል ነበር።

ሚጣ ደረጃውን ሮጣ ወጥታ ወንድሟ ክፍል ገባች። ዩኒቨርሲቲ ከገባ ወዲህ ቤተሰቡ «ፈላስፋው» እያለ ያሾፍበታል፤ እሱ ሙገሳ ይመስለዋል። አልጋው ላይ እንደተንጋለለ ሁሉንም ሰማት።

«አታካብጂ» አላት። «አስተዳደግሽ፣ ድካምሽ፣ ጭንቅላትሽ ውስጥ ያለው ኬሚካል ተደማምሮ ነው እጅሽን ያንቀሳቀሰው። አንቺ መች መረጥሽ? ብትናገሪም ባትናገሪም ቀድሞ የተወሰነ ነው።»

እፎይ አለች። ጥፋተኛ አለመሆን ደስ ይላል። ወዲያው ግን አንድ ነገር ከነከናት።

«ቆይ፣ ይህን የምታምነው እውነት ስለሆነ ነው ወይስ ማመን ግድ ሆኖብህ?»

«ማስረጃውን አይቼ ነዋ።»

«ማስረጃው ሌላ ቢሆን ሌላ ታምን ነበር?»

«አዎ።»

«እማዬም እትዬ ናት ያለችው በኮሌታው ምክንያት ነው። ሌላ ማስረጃ ብታገኝስ?»

ፈላስፋው ተነስቶ ተቀመጠ። «ሐሳቧን ትቀይር ይሆናል። ግን ያኔም የቀየራት ማስረጃው ነው፤ እሷ አልመረጠችም።»

«ይሁና። ማስረጃው ግን ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው።»

ወንድሟ ራሱን አከከ። «እሱን አላሰብኩበትም።»

ሚጣ ወጥታ ደረጃው አናት ላይ ቆመች። ሁሉም ቀድሞ የተወሰነ ከሆነ እግሯ በራሱ ይወርዳል ማለት ነው። እስኪ ልየው ብላ ጠበቀች። ከታች የእትዬ መሳቢያ ሲከፈት ተሰማ። እግሯ ንቅንቅ አላለም። ትንሽ ጨምራ ጠበቀች። መሳቢያው ተዘጋ።

የደረጃውን መደገፊያ እንጨት ያዝ አድርጋ ወረደች።

«እማዬ፣ እትዬ እንዳትሄድ» አለች። «እጅጌዎቹን የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»