ክንድ የምታክል መኪና

በዚያ መንገድ የከባድ መኪና ሸራ ሊያሰፋ የሚመጣ ሰው መኪናውን በር ላይ ገትሮ፣ ጥሩምባውን አምባርቆ፣ «ተቀደደብኝ እኮ!» እያለ ነው የሚወርደው። መኪናዋን በነጭ ሽርጥ ጠቅልላ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ የመጣች ሴት ግን ታይታ አትታወቅም።

«ወንድም፣ ሸራ ትሰፋለህ?»

ሸራ ሰፊው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በተዘረጋ አረንጓዴ ሸራ ላይ ተንበርክኮ መርፌ ይጎትት ነበር። ቀና አለ።

«እሰፋለሁ፣ እሰፋለሁ። መኪናውን የት አቆምሽው?»

«ይኸው።»

ሽርጡን ገለጠችው። ክንድ የምታክል ግራጫ የጭነት መኪና! ረዘም ያለ ኮፈኖ፣ ፈጠጥ ያሉ ሁለት መብራቶች፣ በሯ የሚከፈት ካቢና፣ ከኋላ ጣውላ በጣውላ የተገጣጠመ የጭነት ቦታ፣ እላዩ ላይ ደግሞ ሸራ የሚደግፉ ከክብሪት እንጨት የቀጠኑ ቅስቶች። ጎማዎቹን የሚሸከሙት ባሌስትራዎች ሳይቀሩ ድርብርባቸው ይታያል። የቀራት ሸራ ብቻ ነበር።

አብረውት የሚሠሩት ሰዎች በሳቅ ፈነዱ። «ጭነቱ ምንድን ነው እህቴ? ስኳር ለጉንዳን?» አለ አንዱ።

«ዱቄት ነበር» አለች ፍርጥም ብላ። «ሹፌሩም አባቴ ነበር። ሞቷል። በሉ አሁን ሳቁ።»

ሳቁ ቀጥ አለ። ሸራ ሰፊው ከተንበረከከበት ተነሣ፤ ጥጉ ላይ ወዳለው ባልዲ ሄዶ እጁን በሳሙና ታጠበ፤ ጥፍሩን ሳይቀር ፈተገ። ከዚያ እጁን አደራርቆ መጣና መኪናዋን በሁለት መዳፉ ተቀበላት። ጥርስ ሠሪዋ ልቧን የሰጠችው ለመኪና ብሎ እጁን ለታጠበ ሰው ነው፤ ያኔ ብትጠየቅ ግን «ዓይኔን ግንባር ያርገው» ብላ ትምል ነበር።

አዎ፣ ሥራዋ ጥርስ መሥራት ነው። የሰው አፍ ልክ ሲመጣላት በጄሶ ትቀርጻለች፣ በሰም ታስተካክላለች፣ ድዱን ከሮዝ ማቴሪያል ታወጣለች። የመኪናዋም ጎማዎች ከዚያው ከሮዙ የወጡ ናቸው። ላያቸው ጥቁር ተቀብቶ ነው እንጂ ቢፋቁ ድድ ናቸው።

እውነተኛዋ መኪና የጀርመን ሥሪት ነበረች፤ በጦርነት ጊዜ የተሠራች፣ ሦስት ቶን የምትጭን። ወራሪው ጦር ሲሸሽ ጥሏቸው ከሄዳቸው መካከል እሷን ሰዎች ጠግነው ዱቄት ጫኑባት። አባቷ መሪ መጨበጥ የተማረው በእሷ ነው፤ ጥርስ ሠሪዋንም በልጅነቷ ካቢና ውስጥ አስቀምጦ «ረዳቴ፣ ከኋላ መኪና አለ?» እያለ የሚቀልድባት በዚያችው ነበር። ኋላ መኪናዋ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች፣ አባቷም አረፈ። የቀረው አንድ ፎቶግራፍ ነው፤ እሱም ከፊት የተነሣ፣ ኋላዋ የማይታይበት። እሷም ያንን ፎቶ ፊቷ አስቀምጣ፣ በወረንጦና በጥርስ መሞረጃዋ፣ ከቆርቆሮና ከስስ ጣውላ፣ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያለች አባቷን ገጣጠመችው። መኪናዋን ማለቴ ነው።

ቤት ውስጥ ግን ይህን የሚወድላት አልነበረም። ታላቅ ወንድሟ «ሴት ልጅ በዚህ ዕድሜዋ ባል ታገባለች እንጂ ጎማ ትቀባለች?» ይላል። እናቷ ደግሞ የባሰች ናት፤ መኪናዋ ባለችበት በኩል ስታልፍ ፊቷን ታዞራለች።

«እማ፣ አንድ ቀን እንኳ እያት።»

«አውቃታለሁ። ጣውንቴ ናት! አባትሽን ዕድሜውን ሙሉ ከጎኔ ስትወስድብኝ የኖረች። ለብረት ተሸጠች፣ ተገላገልኳት ስል አንቺ ደግሞ አሳንሰሽ ቤቴ ድረስ አመጣሽብኝ።»

ጥርስ ሠሪዋ ወንድሟን ጆሮ ዳባ ልበስ ማለት ትችላለች፤ ለምዳዋለች። የእናቷ ፊት መዞር ግን ያማታል። አንዲት ቀን፣ አንዲት ጊዜ ብቻ፣ እናቷ ያቺን መኪና ዞር ብላ ብታይላት ሌላ ምንም አትፈልግም ነበር።

ሸራ ሰፊውን ሠፈሩ «ድርብ» ብሎ ነው የሚጠራው። የነካውን ሁሉ ሁለቴ ስለሚሰፋ ነው፤ ቃሉንም ሁለቴ ስለሚናገር። ለትንሿ መኪና የራሱን ስስ ሸሚዝ ቀደደላት፣ ያረጀ እንዲመስል በወፍራም ሻይ ዘፈዘፈው። እሷም ከሥራ ስትወጣ እየመጣች የታጠፈ ሸራ ላይ ቁጭ ብላ ታየዋለች። የእሱ እጅ ሰፊ ነው፣ መርፌዋ ደግሞ የእሷ ናት፤ ደቃቅ።

«አሁን እሷም ሁለቴ መሰፋት አለባት?»

«ነፋስ አለ፣ ነፋስ አለ።»

«የት? ጠረጴዛ ላይ?»

«አንቺ ስትስቂ።»

ይሄን ብሎ ጆሮው እስኪቀላ አቀርቅሮ ሰፋ። እሷም ክሩ ሲያልቅበት መርፌዋን ተቀብላ ሌላ አስገባችለት። ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገዱ አጠረባት።

ሸራው አልቆ በሚታሰርበት ቀን ግን ጉድ መጣ። ድርብ ዕድሜውን ሙሉ ያሰረው የእውነተኛ መኪና ሸራ ነው። ያ ደግሞ በጉልበት ተደግፎ፣ ትንፋሽ ተይዞ፣ ባለ በሌለ ኃይል ነው የሚጎተተው። ያቺን ክር የምታክል ገመድ በቀለበቶቿ አሳለፋት፣ ጫፏን ያዘ። ከዚያ እጁ አእምሮውን ሳያማክር፣ እንደለመደው፣ ሸምቀቅ!

ቀጭ! ቀጭ! ሁለት ቅስቶች ተሰበሩ።

«ምን ነካህ? አንተ ዝሆን! ስንት ወር የለፋሁበትን!»

ድርብ ገመዷን ለቀቀ። ሁለቴ ሊናገር ቀርቶ አንዴም አልተናገረም። እሷ መኪናዋን በሽርጧ ጠቅልላ ወጣች። በማግሥቱ ይመጣል ብላ ጠበቀች፤ አልመጣም። በሳምንቱም አልመጣም። ዝሆን ያለችው እሷ፣ የቀረው እሱ፤ ሆድ ባሳት። ግን እሷም የሹፌር ልጅ ናት፤ ወደ ኋላ መንዳት አይሆንላትም።

ወንድሟ ይህን ክፍተት አገኘ። አንድ ባለ መድኃኒት ቤት ጓደኛ ነበረው፤ ጨዋ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። «ቅዳሜ ከእናቱ ጋር ሊጠይቁን ይመጣሉ» አላት። «ያ መጫወቻሽ ከዚህ ይነሣልኝ። ከዚያ ሸራ ሰፊ ጋርም ምን ስትሠሪ እንደከረምሽ ሰምቻለሁ። መሬት ላይ ተንበርክኮ የሚውል ሰው!»

«እሱ ተንበርክኮ ይውላል፣ እኔ አቀርቅሬ እውላለሁ፣ አንተ ተቀምጠህ ሰው ስታማ ትውላለህ። ከሦስታችን የሚያሳፍረው ማን ነው፣ ጋሼ?»

«አፍሽን!»

ቅዳሜ እንግዶቹ መጡ። ሳሎኑ ተወልውሏል፣ ብርጭቆዎቹ ተደርድረዋል። ጥርስ ሠሪዋ ዓይኗን በጨው አጥባ ገባችና ከብርጭቆዎቹ መሀል ቦታ ጠረግ አድርጋ መኪናዋን አስቀመጠቻት፤ ቅስቶቿ እንደተሰበሩ፣ ሸራዋ በአንድ ጎን እንደጎበጠ። የወንድሟ የግንባር ደም ሥር ተገተረ።

ባለ መድኃኒት ቤቱ ጎንበስ ብሎ አያት። ክፉ ሰው አልነበረም። «እጅሽ የተባረከ ነው። ግን ይህቺ የወራሪ ጦር መኪና አይደለችም? ሰው የሚገድል ወታደር የተጫነባት?»

«ናት» አለች። «ወታደር ጭነው መጡ፣ ጥለዋት ሸሹ። አባቴ ዱቄት ጫነባት። እነሱ ያስራቡትን ሰው በራሳቸው መኪና ነው ያበላው። እኔ የሠራሁት የእነሱን አይደለም፣ የእሱን ነው። ጠጋ ብለህ እይ፤ ውስጧ ጠመንጃ የለም።»

ጠጋ ብሎ አየ። የጭነቱ ጣውላ ላይ ነጭ ብናኝ ነበር፤ የጥርስ ጄሶዋን ነው የነሰነሰችበት።

የባለ መድኃኒት ቤቱ እናት ግን ሳቅ አሉ። «ግድ የለም ልጄ፣ ሲያገቡ ሁሉም ይተዋል። ልጅ ሲመጣ ደግሞ መጫወቻ ይሆነዋል።»

«አልተውም፣ እማማ።»

«እንዴ?»

«አልተውም። ሸራዋን የሰፋልኝን ሰውም አልተውም። ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ በከንቱ ነው የደከማችሁት።»

ወንድሟ ብድግ ብሎ መኪናዋን ያዘ፤ እሷም ያዘች። ሲጓተቱ አንድ ነገር ጠብ ብሎ ከወንበር ሥር ተንከባለለ፤ ማንም ልብ አላለው። «በቃ! ወይ ይህቺ ከዚህ ቤት ትወጣለች፣ ወይ አንቺ!»

«ምን ለያየን? አብረን እንወጣለን።»

መኪናዋን መንጭቃ አቀፈቻት። በር ላይ ስትደርስ ዞር ብላ እናቷን አየቻት። እናቷ ወለሉን ነበር የምታየው። የወንድሟ ቁጣ ያልነካው ልቧን ያ ሰበረው፤ ቢሆንም ወጣች።

ሽርጥ አላደረገችባትም። ስንት ጊዜ በዚያ መንገድ እንደ ሌባ ሸፋፍና አልፋለች! ዛሬ አሻፈረኝ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ በር ላይ ወጣ፣ የሱቅ ደጅ የተቀመጡት ተጠቋቆሙ፣ አንዱ «ፒፕ ፒፕ!» አለባት።

«ዞር በላ ከመንገድ!» አለችው። «ከባድ መኪና እያለፈ ነው!»

ድርብ እንደ ልማዱ ተንበርክኮ ነበር። ፊት ለፊቱ ያለው ግን ሸራ አልነበረም። አንድ ጣውላ ላይ ቅስቶች ደርድሯል፤ ከሽቦ፣ ከሸምበቆ፣ ከመጥረጊያ ጭራሮ፣ ከጃንጥላ ብረት። ያልሞከረው ነገር የለም። ግማሾቹ ተሰብረዋል፣ ግማሾቹ ተጣመዋል። ጣቱ ተላልጧል።

ሲያያት ተነሣ። «ላመጣልሽ ነበር፣ ላመጣልሽ ነበር። ግን አልስተካከል እያለኝ… ደግሞም ዝሆን እንዴት ብሎ ሰው ቤት ይገባል ብዬ…»

ሳቋና እንባዋ አንድ ላይ መጡባት። መኪናዋን ጣውላው ላይ አስቀመጠች።

«ከቤት ወጥቻለሁ» አለችው። «ስለዚህ በቀጥታ ልጠይቅህ፣ ጊዜም የለኝ፣ ትዕግሥትም የለኝ። ታገባኛለህ?»

ሠራተኞቹ ሁሉ መርፌያቸውን አቆሙ። ስኳር ለጉንዳን ያለው ሰውዬ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«አዎ» አለ ድርብ።

ጠበቀች። ሁሉም ጠበቁ።

«አንዴ ብቻ?»

«ሁለተኛውን እናትሽ ፊት ነው የምለው።»

ፊቷ ጠቆረ። «እናቴማ አትመጣም» ልትለው ነበር። እሱም ወሬ ሊያስቀይስላት ወደ መኪናዋ ጎንበስ አለ፤ ከዚያ ግንባሩ ተቋጠረ።

«ስኮርታዋስ? ትርፍ ጎማዋ የት አለች?»

በግምት ከሰካችበት ከሥር አየች፣ ከጎን አየች። የለችም። መጀመሪያ የሠራቻት ጎማ ነበረች፤ አባቷ በሞተ ሰሞን፣ እንባዋን እየጠረገች ያወጣቻት። አሁን ይህንንም ወሰዱብኝ ብላ የታጠፈው ሸራ ላይ ዘጭ አለች።

በዚህ መሀል በሩ ላይ የሚያለከልክ ሰው ድምፅ ተሰማ።

እናቷ ነበረች። ነጠላ ጫማ እንዳደረገች፣ አንድ እጇን ጨብጣ።

«ስኮርታሽን ጥለሽ ነው የምትወጪው?» አለች ገና ትንፋሿ ሳይመለስ። «የሹፌር ልጅ ነኝ ትያለሽ ደግሞ!»

እጇን ዘረጋች። መዳፏ ላይ ጎማዋ ነበረች፤ ወለሉ ጥቁር ቀለሟን ፍቆት በአንድ ጎኗ ሮዝ ሆናለች።

«አባትሽ ስንት ዓመት ሲነዳ ያለ ስኮርታ አንድ ቀን ከደጄ ወጥቶ አያውቅም። ለምን ይመስልሻል? እሱማ ዝንጉ ነበር። እኔ ነበርኩ ዞሬ የማየው። ጣውንቴም ብትሆን እሱን ይዛብኝ መመለስ አለባታ!»

«እማ…»

«ዝም በይ። ወንድምሽ ውጪ አለሽ። ቤቱ የእኔ ነው፤ እኔ ውጪ አላልኩሽም።» እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገችና ተንበርክኮ የሚውለውን ሰው ቀና ብላ አየችው። «አንተ ነህ ሸራ ሰፊው? ልጄን የምትፈልገው?»

«አዎ» አለ። ከዚያ ጥርስ ሠሪዋን አያትና ደገመው። «አዎ።»

እናትየው ጎማዋን ዘረጋችለት። እሱ ግን አልተቀበላትም። «አንዴ እማማ፣ እጄን ልታጠብ» ብሎ ወደ ባልዲው ሄደ።

እናት ሳሙናውን ሲያሽ፣ ጥፍሩን ሲፈትግ በዓይኗ ተከተለችው። ልጇ አጠገብ ሸራው ላይ ቁጭ አለች፤ ከዚያ መኪናዋን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከካቢናው ኋላ በጣቷ መፈለግ ጀመረች።

«እዚህ ጋ ነበረች» አለች። «በግራ በኩል።»