ቁልቁለቱ ላይ ሳይደርስ

ራሕዋ ትባላለች። ዕድሜዋ አሥራ አንድ ነው። ቤታቸው እዚሁ ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ጠባብ ቅያስ ውስጥ ነው። ስትስቅ ሰፈሩን የምታስነሳ ልጅ ናት። አንተ ከኋላ ያለኸው፣ ብስኩትህን ዋጥ አድርግና ስማ! ይህ ታሪክ ሳይክል ለሚወድ ልጅ ሁሉ ነው።

ራሕዋ መብርሃቶም የሚባል ታላቅ ወንድም አላት። ሥራ ሲጀምር ያገለገለ ሳይክል መግዛት ፈለገና እሷን ይዞ ቄራ አካባቢ ወደሚገኝ ሱቅ ሄደ። ባለሱቁ ጋሽ ኢዘዲን ሳይክል ሲያስመርጡ አይቸኩሉም።

ራሕዋ ጎማው ቀጭን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈ ኮርሳ አየችና "ይሄን! ይሄን!" ብላ ዘለለች።

"እሱ ለውድድር ነው" አሉ ጋሽ ኢዘዲን። "በእናንተ ሰፈር ኮብልስቶን ላይ አይበረክትም።"

"እሺ፣ ያቺ ትንሿስ?"

"እሷ ለመዝለል ነው የምትሆነው። ማርሽ የላትም። ዳገት ላይ ጉልበት ትጨርሳለች።"

በመጨረሻ ጎማው ወፍራም፣ ማርሽ ያለው ማውንቴን ሳይክል መረጡ። መብርሃቶም ኮርቻው ላይ ወጥቶ እግሩ መሬት መንካቱን አየ። ከኋላው ሰው ማፈናጠጫ አለው። ጋሽ ኢዘዲን ግን ፍሬኑን ጨበጥ አደረጉና ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የፍሬኑ ጎማ አልቋል። አዲሱ ሰኞ ይገባልኛል። እስከዚያ ቁልቁለት እንዳትነዳው፣ አደራ!"

ሰኞ መብርሃቶም ሥራ ነበረው። ስለዚህ ብሩን ለራሕዋ ሰጣት። "እየገፋሽ ውሰጂውና ጋሽ ኢዘዲን ይግጠሙልሽ" አላት።

ወሰደችው። ሱቁ በር ላይ ግን ምን ተሰቅሏል መሰላችሁ? ጎማ ላይ የሚታሰር መብራት! ጎማው ሲሽከረከር ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ ይላል። የሰፈሩ ልጆች ሲያዩት ታያት። ብሩ ግን ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። ራሕዋ መብራቱን ገዛች።

"የፍሬኑ ጎማስ?" አሉ ጋሽ ኢዘዲን።

"ወንድሜ... ማለቴ፣ ሌላ ቦታ አግኝቷል።"

ምላሷ እንዴት እንደፈጠነ አያችሁ? ውሸት ስትወጣ አትቸገርም። የሚቸግረው በኋላ ነው።

ማታ መብርሃቶም "ተገጠመ?" ብሎ ጠየቃት።

"አዎ። በተረፈው ደግሞ መብራት ገዛሁ።"

"አንቺማ ጎበዝ ነሽ!" አላት። እሱም ፍሬኑን ጨበጥ አድርጎ ማየት ነበረበት፤ ግን እህቱን አመነ። ራሕዋ ያን ቀን እራት አልበላ አላት። "ብር አገኝና ሳያውቅ አስገጥመዋለሁ" ብላ ራሷን አጽናናች። አላገኘችም።

ቅዳሜ መጣ። መብርሃቶም ሳምንቱን ሙሉ ሥራ በዝቶበት ሳይክሉን አልነዳውም ነበር። መብርሃቶም አንዲት ትንሽ ሄልሜት መሪው ላይ አንጠልጥሎ ወጣ።

"ካዛንቺስ አክስቴ ቤት ሄጄ መድኃኒትን አፈናጥጬ ላምጣት" አለ።

መድኃኒት የአራት ዓመት ታናሽ እህታቸው ናት።

ራሕዋ መንገዱን አሰበችው። ሲሄድ ዳገት ነው፣ ፍሬን አይፈልግም። ሲመለስ ግን ቁልቁለት ነው! ከካዛንቺስ እስከ ባምቢስ ድረስ የመኪናው ብዛት ደግሞ አይጣል ነው። ከኋላ መድኃኒት አለች! "አትሂድ" ልትለው አፏን ከፈተች። "ውሸታም ሊለኝ ነው" ብላ መልሳ ዘጋችው። መብርሃቶም መብራቱን እያብለጨለጨ ሄደ።

ራሕዋ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠች። በሩ ላይ ተንበረከከች። "ቅዱስ ቂርቆስ፣ በሰላም ካመጣህልኝ ጃንጥላ አገባልሃለሁ!" ብላ ተሳለች። በምን ገንዘቧ እንደሆነ እንጃላት!

ጧፍ የሚሸጡት እትዬ ዘውዲ ሰሟት። "ምነው ልጄ? ፊትሽ አመድ መሰለ!"

እያለቀሰች ሁሉንም ነገረቻቸው።

"ታዲያ ለወንድምሽ አልነገርሽውም?"

"እፈራለሁ፣ እትዬ።"

"እሰይ! ለእሱ ዝም ብለሽ ለቂርቆስ ጃንጥላ?" አሉ እትዬ ዘውዲ ቆጣ ብለው። "ቅዱስ ቂርቆስ የሦስት ዓመት ሕፃን ሆኖ እሳት ፊት እውነት ተናገረ። አንቺ ወንድምሽን ፈራሽ? ጸሎቱን አላስቀርም፣ ጸልዪ። አፍሽን ግን አንቺው ነሽ የምትከፍቺው። እንኪ ስልክ!"

ወንድሟ ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሳም። ደግማ ደወለች። አይነሳም። አክስቷ ጋ ደወለች።

"አሁን ወጡ እኮ! መድኃኒት ሄልሜቷን አድርጋ ብታያት..."

"አክስቴ አስቁሚያቸው! ፍሬን የለውም! እኔ ነኝ የዋሸሁት፣ እኔ ነኝ!"

ከስልኩ ውስጥ የሩጫ ኮቴ ተሰማ። "መብርሃቶም! አንተ መብርሃቶም!" የሚል ጩኸት ተሰማ። ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ።

ልጆቼ፣ መጠበቅ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃላችሁ? ራሕዋ በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ብቻ ታያለች። አንድ አምቡላንስ እየጮኸ አለፈ። ጆሮዋን በሁለት እጇ ደፈነች። እትዬ ዘውዲም ጧፋቸውን ትተው አጠገቧ ቆሙ።

ብዙ ከቆዩ በኋላ በጥጉ በኩል ሳይክል ብቅ አለ። መብርሃቶም በአንድ እጁ ይገፋዋል። በሌላው የመድኃኒትን እጅ ይዟል።

ራሕዋ ሮጣ እግሩ ላይ ወደቀች። "ይቅር በለኝ!"

"ተናድጃለሁ" አላት። "ቁልቁለቱ አፋፍ ላይ ነበርኩ። አክስቴ ስትጮህ ፍሬኑን ጨበጥኩት፤ ምንም አልያዘም። ገና አልፈጠነም ነበርና በእግሬ አቆምኩት። ትንሽ ብትዘገዪ..." የመድኃኒትን እጅ ጠበቅ አድርጎ ያዘ።

መድኃኒት ግን ፈገግ አለች። "ራሕዋ፣ መብራትሽ ያምራል!"

ያኔ ነው ራሕዋ ስቅስቅ ብላ ያለቀሰችው።

ሰኞ መብራቱን ራሷ ፈታች። ለጋሽ ኢዘዲን እውነቱን ተናገረች። እሳቸውም መብራቱን ተቀብለው የፍሬን ጎማ ሰጧት። ሲገጥሙት እስከ መጨረሻው ቆማ አየች። መብርሃቶም ይቅር አላት፤ ፍሬኑን ግን አሁን ራሱ ጨብጦ ነው የሚወጣው። እትዬ ዘውዲ እስከ ዛሬ "ጃንጥላውስ?" እያሉ ያሾፉባታል። እሷም "እያጠራቀምኩ ነው" ትላቸዋለች።

ዛሬም ስትወጡ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ታገኟታላችሁ። ሳይክል ይዞ የመጣውን ሁሉ "ፍሬንህን ጨብጠህ አሳየኝ" ትላለች፤ እንዳትቆጧት።

ልጆቼ፣ ስታጠፉ ጸልዩ፣ ግን ጥፋታችሁ ሰው ሳይጎዳ ቶሎ ብላችሁ እውነቱን ተናገሩ።