ካፖርቱ የማን ነበር?

ችግር ቀጠሮ አያውቅም። የአምስት ሚዜዎች ቀሚስ ለቅዳሜ ተቀጥሮ፣ ገና ሁለተኛው ሳያልቅ፣ የልብስ ሰፊዋ የስፌት መኪና ረቡዕ ጠዋት ቀጥ አለ። ፔዳሉን ብትረግጥ፣ መዘውሩን በእጇ ብታዞር፣ ወይ ፍንክች!

የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ» የሚላቸው ሴት፣ ወገባቸውን ይዘው ቆሙ። «አርጅቷላ! አዲስ በዱቤ እናወጣለን» አሉ። አዲስ ነገር ነፍሳቸው ነው፤ የሱቁን መጋረጃ እንኳ በዓመት ሁለቴ ይለውጡታል።

«እስቲ መጀመሪያ ጠጋኝ ይየው፣ እትዬ» አለች ሰፊዋ።

ጠጋኙ መጣ። ረዘም ያለ፣ ዝምተኛ፣ የመኪና ዘይት ከጥፍሩ ሥር የማይለቅ ወጣት ነው። መኪናውን ገልብጦ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲፈትሽ ቆየና የተጠቀጠቀ ብናኝና የተሰበረ የመርፌ ጫፍ አወጣ። ዘይት ጠብ ጠብ አደረገበት። መኪናው እንደ ድሮው ማንጎራጎር ጀመረ።

እትዬ ከደስታቸው ብዛት የጠየቀውን እጥፍ አድርገው ሰጡት። እሱ ግን ትርፉን መልሶ «ይበቃኛል» አለ። ሰፊዋ ሳቅ አመለጣት። እጁ የገባ ገንዘብ የሚመልስ ሰው አይታ አታውቅም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስሙ በስፌት ቤቱ «ይበቃኛል» ሆኖ ቀረ።

ይበቃኛል በየሐሙሱ ብቅ ማለት አመጣ። «ዘይት ላጠጣው ብዬ ነው» ይላል። በመጨረሻ መኪናው ዘይት ጠግቦ ጨርቅ ማበላሸት ሲጀምር እትዬ አላስቻላቸውም።

«አንተ ልጅ፣ መኪናው ሰከረ እኮ! ልጅቷን ከፈለግክ ልጅቷን ጠይቅ።»

እሱ እስከ ጆሮው ቀላ። እሷ ደግሞ ያልተበጠሰ ክር ልትቀጥል አቀረቀረች።

እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ አብረው መሄድ ለመዱ። መንገዱ አጭር ነበር፤ እነሱ ግን አረዘሙት።

«አባቴ ነጋዴ ነበር» አላት አንድ ቀን። «ሲሞት ሁለት ቤትና አንድ መጋዘን ሙሉ ዕቃ ተወልን። ሦስት ወንድማማቾች ነን። ዛሬ መንገድ ላይ ብንተላለፍ ሰላም አንባባልም። እኔ ድርሻዬን ትቼ የመፍቻ ሳጥኔን ብቻ ይዤ ወጣሁ። የዚያን ዕለት እግዚአብሔርን አንድ ነገር ለመንኩት፤ ዕቃ ጌታዬ እንዳይሆን።»

«አልከበደህም?»

«እንቅልፍ እንደሚጣፍጥ ያወቅኩት ያኔ ነው።»

ቀና ብላ አየችው። የወደደችው በዚህ ነው። ያዘነችበትም ኋላ በዚሁ ሆነ።

ክረምቱ ሲቃረብ በስስ ሹራብ ሲንቀጠቀጥ አየችው። ከደሞዟ ቆጥባ ወፍራም ሰማያዊ ጨርቅ ገዛች። ሁለት ወር ሙሉ ከምሳ ዕረፍቷ እየቀነሰች ካፖርት ሰፋችለት። የውስጡ ኪስ ለካቻቪቴው ልክ እንዲሆን ሦስት ጊዜ ፈታ መልሳ ሰፋችው። በለበሰው ዕለት እጅጌውን በመዳፉ ዳሰሰ፣ ቀና ብሎ አያት፣ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያ አስተያየት ከሺህ ምስጋና በለጠባት።

በአሥረኛው ቀን ካፖርቱን በሌላ ሰው ትከሻ ላይ አየችው። የወፍጮ ቤቱ ሽማግሌ ዘበኛ ለብሰውት በር ላይ ቆመዋል።

በቀጥታ ወደ ይበቃኛል መጠገኛ ቤት ሄደች። «ካፖርቱስ?»

«ዘበኛው ሳል ይዟቸው ነበር። እኔ ወጣት ነኝ፤ ሹራቡ ይበ...» ፊቷን ሲያይ አፉ ላይ ቀረ።

«ይበቃኛል በላ! ጨርሰው እንጂ!» አለችው። «ጨርቅ የሰጠሁህ መሰለህ? ስሰፋው በየስፌቱ ስላንተ ስጸልይ ነበር።»

«የሰው ችግር አይቼ እንዴት ልለፍ?»

«እለፍ ማን አለህ? ብትነግረኝ ለሳቸውም እሰፋ ነበር፤ አብረን እንሰጥ ነበር። አንተ ግን የኔን ስጦታ ወስደህ ለብቻህ ጸደቅክበት።»

ደህና ዋል እንኳ ሳትለው ወጣች። ሐሙስ ሲመጣ ወንበሯን ወደ ግድግዳው አዞረች። ዘይት የሚጠጣ መኪናም አልተገኘለትም።

እናቷ የሰው ልብስ እያጠቡ ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው። ነገሩን ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እኔ ድሃ የሆንኩት መርጬ አይደለም። መርጦ የሚደኸይ ሰው ያስፈራኛል። ነገ ልጅሽ ሲታመም የመድኃኒቱን ገንዘብ አንስቶ ለመንገደኛ ቢሰጥስ?»

ልጅቷ ራሷም የፈራችው ይህንኑ ነበር።

ሦስት ሳምንት አለፈ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይበቃኛል ራሱ እቤታቸው መጣ። እናትየው በሩን ከፍተው «ይቀመጡ» አሉት። ልጃቸው የሚሆንን ሰው አንቱ ማለታቸው ከስድብ ይከብድ ነበር። ሰፊዋ ጓዳ ገብታ ጆሮዋን አቆመች።

«ካፖርቱን ይዤ አልመጣሁም» አለ። «ከሽማግሌ ጀርባ ላይ አልገፍም። የመጣሁት ጥፋቴን ልናገር ነው። ዕቃ እንዳይገዛኝ ስሸሽ ከሰውም ሸሽቼ ኖሯል። መስጠት ይቀለኛል፤ መቀበል ግን ያስፈራኛል። የተቀበለ ሰው ይታሰራላ። እኔ ደግሞ ከልጅዎ ጋር መታሰር እፈልጋለሁ።»

«መታሰሩስ ቀላል ነው። ሚስትዎ ብትታመም በምን ያሳክሟታል?»

«ያስቀመጥኩት የለኝም» አለ ሳይደብቅ። «እግዚአብሔር ያውቃል ስል...»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል! እርስዎም ይወቁ እንጂ!»

ከጓዳ ሳቅ ተሰማ። ሦስት ሳምንት ተቆልፎበት የነበረ ሳቅ ነው።

እናትየው ግን አልሳቁም። «ከማጥበው ልብስ ከማገኛት ላይ ጥቂቷን ለእግዚአብሔር፣ ጥቂቷን ለክፉ ቀን ሳላነሳ ዳቦ ገዝቼ አላውቅም። ልጆቼን ያሳደገልኝ እሱ ነው። ያሳደገልኝ ግን በዚያች በማስቀምጥባት ጣሳ በኩል ነው።»

ይበቃኛል አንገቱን ደፋ። «ያስተምሩኝ» አለ።

ሰፊዋ ከጓዳ ወጣች። ፊት ለፊቱ ተቀመጠችና አየችው፤ አያት፤ እናትየው ድንገት ከውጭ የሚሰጣ ልብስ ትዝ አላቸው።

ከስምንት ወር በኋላ ተጋቡ። ለሠርግ እንዳይበደሩ ተስማምተዋል። እትዬ ከመስኮታቸው ላይ የሚያብለጨልጨውን የሙሽራ ልብስ በነፃ ላውስሽ ቢሏት አመስግና፣ ኋላ እሑድ እሑድ የምትለብሰውን ነጭ ቀሚስ ለራሷ ሰፋች። ከጸሎት በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ዳቦና ሻይ ቀረበ። እትዬ «ሠርግ ነው ጉባኤ?» እያሉ አጉረመረሙ፤ ዳቦውን ግን ሦስቴ ደገሙ። እናትየው ከጣሳቸው አውጥተው የገዙትን ወፍራም ብርድ ልብስ ሰጧቸው።

በመጀመሪያው ክረምታቸው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ እንደ ጉድ ወረደ። ጎረቤታቸው ሁለት ልጆቿን ይዛ፣ ከራስ እስከ እግሯ ርሳ በሩን አንኳኳች። ጎርፍ ቤቷ ገብቶ አንድ ደረቅ ነገር አልተረፈላትም። ይበቃኛል ዘሎ ብርድ ልብሱን ያዘ። ከዚያ እጁ ቆመ።

«የእማማ ስጦታ ነው» አለ ወደ ሚስቱ ዞሮ። «አንቺስ ምን ትያለሽ? እሳቸውንም እንጠይቃቸው።»

ስልክ ደወለች። «እማዬ፣ ብርድ ልብሱን ጎርፍ ለገባባት ጎረቤታችን ብንሰጣት ቅር ይልሻል?»

«ታዲያ እኔን ምን አስጠየቀሽ? ቤትሽ አይደለም?»

«እሱ ነው ጠይቂያት ያለኝ።»

«እስቲ እሱን አቅርቢልኝ» አሉ እናትየው።

ስልኩን ጆሮው ላይ አደረገ።

«ልጄ» አሉት፤ አንቱታው በዚያው ቀረ። «ስጥ። እኔም ደረቅ ልብስ ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያው ለልጆቹ ሻይ ጣድላቸው።»

ስልኩን አስቀምጦ ምድጃው ፊት ቁጢጥ አለ፤ እሳቱን ግን መለኮስ ረሳ፤ ክብሪቱን እንደያዘ «ልጄ አሉኝ» ይላል። ሚስቱ ልጆቹን በብርድ ልብሱ ጠቅልላ ስትጨርስ አጠገቡ መጥታ ተንበረከከች። ክብሪቱን ከእጁ ወስዳ ለኮሰችው።

«ዛሬ እኛ ምን ልንለብስ ነው?» አላት በሹክሹክታ።

«ስሱን ብርድ ልብስ» አለች፣ ወደ ትከሻው እየተጠጋች። «ከተጠጋህማ ለሁለት ይሆናል።»