ጉድጓዱ ያልቀረበት ቆዳ

ጋሽ ሙሐዲን ከመቱ ወደ ያዮ የተጠራው አስተማሪው ደበሳ በሞተ ማግስት ነው። ደበሳ አመሻሹ ላይ ሞቶ የተገኘው ቆዳ እያለፋ በሚሸጠው በሻፊ ጓሮ፣ ጭንቅላቱን በወፍጮ መጅ ተመትቶ ነው። የጣሊያኑ ሹም ሻፊን አስሮ፣ ማታ በካሚዮን ጎሬ ወስዶ ሊሰቅለው ወስኗል። ሙሐዲን ከወረራው በፊት የዳኛ መርማሪ ስለነበር፣ ጎረቤቶች ለምነው እስከ ማታ እንዲመረምር አስፈቀዱለት።

ጓሮው ውስጥ አንድ የፍየል ቆዳ በእንጨት ላይ ተወጥሯል። ከሥሩ ቀይ የቡና ፍሬ ተበትኗል። ሙሐዲን መዳፉን በቆዳው ላይ አሳለፈ፤ እንደ ከበሮ ደርቋል።

የሟቹ ሚስት ጃለኔ ቆዳው ለተረቱ እንደነበር ነገረችው። ደበሳና ጓደኛው ዳምጤ ወደ ጨረቃ ስለምትበር መርከብ ተረት ፈጥረው፣ በየምሽቱ ለመንደሩ ያወሩ ነበር። ደበሳ እርጥብ ቆዳ መሐል መጅ ያስቀምጣል፤ ቆዳው ይጎደጉዳል። የቡና ፍሬ ሲያንከባልልበት ዞሮ ዞሮ መሐል ይወድቃል። መሬት እንዲህ ያለች ጉድጓድ ናት፣ መርከቧ ካልፈጠነች ተመልሳ ትወድቃለች ይላቸው ነበር። የጨረቃ ጉድጓድ ግን ጥልቅ አይደለም።

«ሰው ከተረቱ የትኛውን ይወድ ነበር?»

«ጉድጓዱን» አለች ጃለኔ። «እኔም እንደዚያው።»

ደበሳ በሞተበት ዕለት ሻፊ ቆዳውን ጠዋት ወጥሮ፣ ደበሳ መጁን ሲያስቀምጥበት ትቶት ገበያ ሄዷል፤ ገበያተኞችም መሰከሩለት። ከቀትር በኋላ ሲመለስ ደክሞት ተኛ እንጂ ጓሮ አልወጣም።

ዳምጤ በትሕትና ቀረበ። «ምን ልበልዎ ጋሼ፤ ሻፊ ከገበያ ከገባ በኋላ በአጥሩ ሳልፍ፣ ደበሳ በመጁ ዙሪያ ፍሬ ሲያንከባልል አይቼዋለሁ።» ከዚያም ሳይጠየቅ፣ መርከቧን የፈጠራት እሱ መሆኑን ሁለት ጊዜ ተናገረ።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሙሐዲን ሁሉንም ጓሮው ውስጥ ሰበሰበ። ሻፊ በባንዳ ተጠብቆ ቆሟል።

«ደበሳ መጁን ያስቀመጠው ቆዳው እንደጎደጎደ እንዲደርቅለት ነው፤ አይደለም ሻፊ?»

«አዎ ጋሼ። እርጥብ ቆዳ መጁ ሲነሳለት ተመልሶ ስለሚወጠር፣ በየጊዜው አዲስ ቆዳ ስጠኝ እያለ አሰልችቶኝ ነበር።»

«እንግዲህ ዳስሱት። ጉድጓድ የለበትም። በዚህ የበጋ ፀሐይ ስስ ቆዳ እስከ ቀትር ይደርቃል። መጁ እስከዚያ ቢቆይ ኖሮ ጉድጓዱ ይቀር ነበር። ስለዚህ መጁ የተነሳው ጠዋት፣ ቆዳው እርጥብ ሳለ ነው። ደበሳም የተመታው በዚያው መጅ ነው። ያን ጊዜ ሻፊ ገበያ ነበር።» ወደ ዳምጤ ዞረ። «ከቀትር በኋላ አየሁት ያልከው ፍሬ የዞረው በምን ጉድጓድ ነው? ደበሳን በሕይወት አየሁት ያልከው፣ ሻፊ ቤቱ የገባበትን ሰዓት መርጠህ ነው።»

ዳምጤ ሲናገር ሙሐዲንን ሳይሆን ጃለኔን እያየ ነበር።

«መርከቧን የሠራኋት እኔ ነኝ። አንድም ሰው ስለ መርከቧ ጠይቆኝ አያውቅም። ያን ጠዋት ደግሞ ጉድጓዱን ለሁልጊዜ እንዲቀር አድርጎ ሊያደርቀው ነበር።»

ባንዳው ገመዱን ከሻፊ ፈትቶ ዳምጤን አሰረበት። ተረቱ የቆመው መርከቧ ከመሬት ጉድጓድ ለመውጣት ጥቂት ሲቀራት ነው፤ መጨረሻውን የሚያውቁት ደበሳና ዳምጤ ብቻ ነበሩ።

ዳምጤ በሩ ላይ ቆመ። «ጃለኔ፣ መርከቧ ትውጣ አትውጣ አልጠየቅሽኝም።»

ጃለኔ ቀና አላለችም። ከቆዳው ሥር ተንበርክካ፣ ደበሳ ሲያንከባልላቸው የነበሩትን ፍሬዎች በነጠላዋ ጫፍ ትለቅም ነበር።