ባቡር ያልገባበት ዋሻ

የዘበኛው የዘይኑልአቢዲን ሬሳ ከሐይቅ ከተማ ዳር፣ በባቡር ዋሻው ውስጥ፣ ከጣሪያ በወደቀ አርማታ ሥር ተገኘ። ዋሻው ባቡር ገብቶበት አያውቅም። በጦርነቱ ጊዜ ግን ከተማው ገብቶበታል፤ እዚያው አብስሎ፣ እዚያው ተኝቶ፣ ያልታደለውም እዚያው ሞቶ። ስለዚህ ሰዉ ከፖሊስ ቀድሞ ፈረደ፦ «የሙታኑን ኪስ ሊበረብር ገብቶ እነሱው ያዙት።»

ኢንስፔክተር ኑርሀያት ከደሴ ስትደርስ የሟቹ ልጅ ሱረያ መንገድ ላይ ጠበቀቻት።

«እቴ፣ አባቴን ዛሬ እንቀብራለን። የሌባ ጀናዛ ነው ብለው ቃሬዛውን የሚሸከም ሰው ጠፋ።»

«አብሽሪ፣ አይዞሽ።»

ኑርሀያት ወደ ዋሻው ዘለቀች። የሟቹ ጫማ ጥግ ላይ ተስተካክሎ ተቀምጧል፤ ከወደቀው አርማታ ሥር የመስገጃ ጫፍ ብቅ ብሏል። በዚህ መሀል ግድግዳው እንደ ሕመምተኛ አቃሰተ። «ቢስሚላህ» ብላ ባትሪዋን አነሳች። ግድግዳው በስደተኞቹ እሳት ጠቁሯል፤ ጥቀርሻውን የሰነጠቀው ስንጥቅ ግን ውስጡ ነጭ ነው። በላዩ ጀሶ ተለጥፎ ተሰንጥቋል፤ በዚያ ላይ ሌላ ጀሶ፣ እሱም ተሰንጥቋል። ማዶ፣ በተራራው በኩል ያለው ግድግዳ ደህና ነው።

ተረኛውን ዘበኛ ጁማን አስጠራችው።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ?»

«በጫት ነው! ወላሂ፣ በጫት ሰው ቢገዳደል ወሎ ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?»

«ማቃሰቱ የተጀመረው መቼ ነው?»

«ሐጂ ባድሩ ፍየል አርደው፣ ጂኒው ይልቀቅ ብለው ሰው ለዱዓ ሰብስበው ወዳጃ ካስቀመጡ ወዲህ። ዱዓው አናደደው መሰለኝ።»

ሐጂ ባድሩ ከጅዳ ተመልሰው ከዋሻው ጎን ሆቴል የሚያሠሩ ሰው ናቸው። ሆቴሉ ለጊዜው ፓምፕ ውሃ የሚመጥበት ጉድጓድ ብቻ ነው።

«ሐጂ፣ ሰው ወደ ሰማይ ሲሠራ እርስዎ ወደ ታች?»

«ቤዝመንት ነው ልጄ። በሰላም መኪና፣ በጦርነት እኛ እንገባበታለን።»

«ማንም ድምፅ ሳይሰማ ወዳጃውን ምን አስቸኮለዎት?»

«መሐንዲሱ ነዋ! ‹ዋሻው ጂኒ አለበት፣ መጮሁ አይቀርም› አለኝ።»

ኑርሀያት ሁሉንም፣ ጎረቤቱንም ጭምር፣ ከዋሻው ደጅ ሰበሰበች። የሆቴሉ መሐንዲስ አራጋው ቀድሞ ተናገረ።

«የመድፍ ስንጥቅ ነው፤ የጦርነቱ።»

«ቢሆን ኖሮ ጥቀርሻው ውስጡም ይገባ ነበር። ስንጥቁ ከጥቀርሻው በኋላ መጣ፤ ያውም በጉድጓዱ በኩል ብቻ። መድፍ ጎን ይመርጣል?» ወደ ባድሩ ዞረች። «ሐጂ፣ የተደገፉት ሰው ድንገት ብድግ ቢልብዎ?»

«ወደ እሱ እወድቃለሁ።»

«ዋሻውም የተደገፈውን አፈር ቆፍራችሁ አነሳችሁበት፤ ውሃውን በፓምፕ መጠጣችሁበት። ወደ ጉድጓዱ እየተገፋ ነው፤ የሚያቃስተውም አርማታው ነው። ይህን ማን አስቀድሞ አወቀ? ድምፁ ሳይሰማ ስለ ድምፁ ያወራው። ደግሞስ ጂኒ ጀሶ ከየት ይገዛል?»

«ጀሶውን የለጠፍኩት ስንጥቁ መስፋቱን ለማየት ነው!» አለ አራጋው ሳያስበው።

«አየህም። ሲሰነጠቅ ቁፋሮ ማስቆም ሲገባህ ሌላ ለጠፍክበት፤ ጥፋትህንም ለሙታን ሰጠህ።»

አራጋው አንገቱን ደፋ። «ሐጂ ‹ካቆምክ ሌላ መሐንዲስ አለ› አሉኝ። ዘይኑ ‹የሚያቃስተው ምንድን ነው?› ሲለኝ... በጦርነቱ የሞቱት ናቸው አልኩት።»

«እሱም አመነህ» አለች ኑርሀያት ቀስ ብላ። «ሌባ ጫማውን አውልቆ፣ መስገጃ አንጥፎ አይሰርቅም። ዱዓ ሳይደረግላቸው የቀሩ ሙታን አቃሰቱ ብሎ ከቁርኣን ያሲን ሊቀራላቸው ገባ።»

ሱረያ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ አለቀሰች። ፖሊሶቹ አራጋውን ይዘው ሄዱ፤ ፓምፑ ቆመ።

ጎረቤቶቹ አንገታቸውን አቀርቅረው፣ አንድ በአንድ ወደ ቃሬዛው ቀረቡ። ሐጂ ባድሩም ትከሻቸውን ሊያስገቡ ተጠጉ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም፤ ጁማ ብቻ በትከሻው ቦታውን ያዘባቸው።